ከቦንዳ የወጣ ጥልፍ

ልባሽ የቤት ጨርቅ ሲባል በሌላ ቤት አገልግሎ ዳግም ለገበያ የወጣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ ወይም የጠረጴዛ ልብስ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ የቤት ጌጥ የመሥራት ሙያም ያረጀውን ክፍል አስወግዶ በደህናው ላይ የሚገኘውን ጥልፍና ዳንቴል፣ ማለትም በኪሮሽ የተሠራ የክር ሥራ፣ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ነው። የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደርሶባት የተቆረቆረችው ድሬዳዋ ከጥንስሷ ጀምሮ የባሕር ማዶ ሸቀጥ መተላለፊያ በመሆኗ ለዚህ ሙያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ አይታጣባትም። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ሳልባጅ የሚለው ይኸው ዕቃ ቦንዳ በተባለ ተጨምቆ በታሰረ ጥቅል ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ አቅጣጫ ሲገባ ኖሯል፤ ሸማቹ ልብስ ሲያማርጥ ወደ ጎን የሚገፋው የአልጋና የጠረጴዛ ጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ ከክምሩ ምርጡ ነው።

በቀድሞ ዘመን የተሠራ የአውሮፓ የጠረጴዛ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ከጥጥ ወይም ከተልባ ግንድ ከሚወጣ ቃጫ የተሸመነ ነው። በኢትዮጵያ ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ስለሆነ ከእርሱ ጨርቅ መውጣቱ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው፤ ተክሉ ግን ያው ሆኖ፣ ለቃጫ የሚመረጠው ዝርያ ቁመቱ የረዘመና ቅርንጫፉ ያነሰ ነው። የተልባ ጨርቅ ብርቱ፣ ውሃ ሲነካውም ይበልጥ የሚጠነክር ሲሆን ድክመቱ አለመለጠጡ ነው፤ ለዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ ከቆየ ቃጫው እዚያው እጥፋት ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ እጥፋቱን መመልከት ያስፈልጋል፤ በሳሳው መስመር ላይ የሚቆረጥ ሁሉ ከመጀመሪያው አጠባ አያልፍም።

ጨርቁ ቢጫ ከሆነ በሳሙና ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ብርሃንና እርጥበት ተባብረው ያነጡታል፣ ለዚህም የድሬዳዋ ፀሐይ የታመነች ናት። በረኪና ግን ቃጫውን ስለሚበላና የዝገት ነጠብጣብን ስለሚያብስ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ባይደርስ ይሻላል፤ ዝገት በሎሚና በጨው ይታሻል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከመቁረጥ በፊት ነው፤ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባልና።

አስቸጋሪው ሥራ ዳንቴል መቁረጥ ነው። ክሩ በቀለበት በቀለበት የተያያዘ በመሆኑ መቀስ በቀጥታ ከነካው ይተረተራል። ስለዚህ በሚቆረጠው መስመር ሥር ስስ አቡጀዲ ይነጠፍና፣ ተራው የእግር መኪና ዚግዛግ ስለማይሰፋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቀጥ ስፌት በሁለት መስመር ከተሰፋ በኋላ ከስፌቱ ውጪ ይቆረጣል። በዚህ መንገድ የአንድ ጠረጴዛ ልብስ ማዕዘን የሶፋ ትራስ ገጽ ይሆናል፤ ጠርዙ የመደርደሪያ ዘርፍ፣ ትንሹ ክብ ዳንቴልም የስኒ ትሪ ማልበሻ ይሆናል።

ምንም ያልተጎዳ፣ ሙሉው በእጅ የተጠለፈ ጨርቅ ግን መቀስ ሊነካው አይገባም፤ አንዲት ሴት ስንት ወር የለፋችበትን ሥራ ለትራስ መበለት ጥፋት ነው። እንዲህ ያለው ባለበት መልኩ መጋረጃ ሊሆን ይችላል፤ በሞቃታማ ከተማ በሩ ለነፋስ ክፍት በሚውልበት ቤት፣ ከታች ጠርዙ ውስጥ ጥቂት ክብደት ያለው ገመድ ከገባበት ነፋሱን እያሳለፈ በቦታው ይረጋል።