መብራት ሲመለስ የዋጋው ሰርቨር አብሮ ይነሣል?

ከሞያሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር የሚሻገር የከብት ነጋዴ፣ ከብቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት የማዶው ገበያ ስንት እንደዋለ ማወቅ ይፈልጋል። ዋጋው በስልክ የሚደርሰው ከሆነ ከጀርባው አንድ ሰርቨር አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ዋጋ የሚያሳየው ፕሮግራም ግን ላይነሣ ይችላል። ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ዋጋ የሚናገረው ደላላው ብቻ ይሆናል። ከዓረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት በግና ፍየል ወደ በርበራና ጅቡቲ በብዛት ሲጫን፣ የግማሽ ቀን ዝምታ ትርፍ ይበላል።

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። አብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሲስተምዲ የተባለ አስነሺ አላቸው። ፕሮግራሙ መቼ፣ በማን ስምና ከምን በኋላ እንደሚነሣ የሚወስነው አንድ አጭር ፋይል ነው። ሊታዩ የሚገባቸው አራት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ «ስታርት» የሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ለአሁኑ ብቻ ያስነሣል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ የሚያደርገው «ኢኔብል» ነው። ይህ ከተረሳ ጉድለቱ የሚታወቀው መብራት የጠፋ ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋዎቹ የሚቀመጡት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። «አፍተር» በሚለው መስመር ዳታቤዙ እንዲቀድም ካልታዘዘ፣ ፕሮግራሙ ቀድሞ ተነሥቶ የሚያነበው ሊያጣና ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ «ሪስታርት» የሚለው መስመር የወደቀውን መልሶ ያስነሣል። ክፍተቱ ካልተስተካከለ ግን ሲስተምዲ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ደግሞ እየሞከረ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ካስነሣው በኋላ ይተወዋል። ዳታቤዙ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ሙከራው ቀድሞ አልቋል። ክፍተቱን 10 ሰከንድ ማድረግ ሙከራው እንዲቀጥል ያደርጋል።

አራተኛ፣ ፕሮግራሙ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ሳይሆን ሥልጣኑ በተወሰነ በራሱ ስም ይሥራ። አለበለዚያ በፕሮግራሙ በኩል ሰብሮ የገባ ሰው ማሽኑን በሙሉ ይይዛል።

ለአገልግሎቱ የሚከፍል የነጋዴዎች ማኅበር ኮምፒውተር ማወቅ አይጠበቅበትም። ገበያ በሌለበት ቀን ሰርቨሩ ጠፍቶ እንዲበራ ይጠይቅ፤ ማንም ሳይነካው ዋጋው በስልክ ከታየ ሥራው በአግባቡ ተሠርቷል። ሲስተምዲ የሚያውቀው ግን ፕሮግራሙ መነሣቱን እንጂ ዋጋው የዛሬ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ከብቱን ከመጫን በፊት ከዋጋው አጠገብ ያለውን ቀን ማየት የነጋዴው ፋንታ ነው።