ሴት በቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና ስብከት ያላት ስፍራ



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የገጠመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። አያቴ በጫኖ ሙዝ ተክለው፣ ጥጥ ለቅመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ፊደል አልቈጠሩም። ነገር ግን በየማታው እራት ከተበላ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን ከሣጥን አውጥተው ይሰጡኝና «በይ አንብቢልኝ» ይሉኛል። እኔ በአማርኛ ያነበብሁትን እርሳቸው በማግስቱ ለጎረቤት ሴቶች በጋሞኛ ሲተርኩ እሰማለሁ። ከተነበበላቸው አንዳች አይዘነጉም፤ እንዲያውም እኔ አንብቤ ያላስተዋልሁትን እየገለጡ ያስረዷቸዋል። አንድ ማታ «እማማ፣ እርስዎ እኮ ሰባኪ ነዎት» ብላቸው ሣቁና «ልጄ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ምን ሰባኪ ይሆናል?» ብለው መለሱልኝ።

እኔ «ሴት ሰባኪ አትሆንም» ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እርሳቸው ግን እንቅፋት አድርገው የቈጠሩት ሴትነታቸውን ሳይሆን አለመማራቸውን ነው። ይህ መልስ ብዙ ቀን ሲያሳስበኝ ስለ ቆየ፣ ነገሩን ከመጽሐፍና ከአገራችን ታሪክ ለመመርመር ተነሣሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ በታች ባጭሩ እገልጣለሁ።

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ የማይስማሙት ሦስቱን አንድ አድርገው ስለሚናገሩ ይመስለኛል። አንደኛው አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ድኻን መርዳት፣ በሽተኛን መጠየቅ፣ መዘመር፣ መጸለይና የቤተ ክርስቲያንን ሥራ መሥራት ነው። ሁለተኛው ማስተማርና መስበክ ነው። ሦስተኛው ክህነት፣ ማለት ቀድሶ ማቍረብና በእጅ መጫን መሾም ነው። በአንደኛው ላይ ክርክር የለም። ማንም ሰው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ከተሰበሰበው ሕዝብ ሴቶች ስንት እንደ ሆኑ በዓይኑ ያያል። ክርክሩ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው።

አሁን መጽሐፍ ቅዱስ ምን እንደሚል እንመልከት። ሴት በጉባኤ መናገር የለባትም የሚሉ ሰዎች ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 14 እና ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ይመሠረታሉ። በእነዚህ ስፍራዎች ሐዋርያው ሴቶች በማኅበር ዝም እንዲሉና በወንድ ላይ እንዳይሠለጥኑ ያዝዛል። ይህን ቃል እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ አይገባም።

በሌላ ወገን ግን ያው ሐዋርያ በዚያው በቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትሸፍን ይመክራል፤ ፈጽሞ የማትናገር ብትሆን ይህ ምክር ባላስፈለገም ነበር። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 በክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን ታገለግል የነበረችውን ፌቤንን በአደራ ቃል ያስተዋውቃታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ጵርስቅላ ከባልዋ ከአቂላ ጋር ሆና፣ መጻሕፍትን አዋቂና ንግግር የተሰጠውን አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው በይበልጥ እንዳስተማሩት ተጽፏል። በምዕራፍ 21 ደግሞ ትንቢት የሚናገሩ አራት የፊልጶስ ሴቶች ልጆች ይገኛሉ። በብሉይ ኪዳንም ዲቦራ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር፤ ንጉሡ ኢዮስያስም የተገኘው የሕግ መጽሐፍ ምን እንደሚል ለመረዳት መልእክተኞቹን የላከው ወደ ነቢይቱ ወደ ሕልዳና ነው። የጌታችንን ትንሣኤ ለደቀ መዛሙርት እንድትነግር የተላከችውም መግደላዊት ማርያም መሆኗን ሁላችን እናውቃለን።

ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ወገን ቃላት ለማስታረቅ ልዩ ልዩ ትርጓሜ ሰጥተዋል። አንዳንዶቹ የዝምታው ትእዛዝ በዚያ ዘመን በዚያ ማኅበር ለተነሣው ሁከት የተሰጠ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ለዘመናት ሁሉ የተሰጠ ሥርዓት ነው፤ ሴት ማስተማር ብትችልም የክህነት ሥልጣን ግን የላትም ይላሉ። እኔ ተማሪ እንጂ ሊቅ ስላይደለሁ በዚህ መካከል ፈራጅ ሆኜ አልቆምም። ነገር ግን የአገራችን ታሪክ የሚመሰክረውን መናገር እችላለሁ። የሚከተሉት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ ወደ ጣና ሐይቅ እንሂድ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ባልዋ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበረ። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብሎ ሕዝቡም እንዲከተለው ባስገደደ ጊዜ፣ እርሷ ባልዋንና ሀብቷን ትታ መነኰሰች። ከዚያም ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለውጥ መምከር ጀመረች። በዚህም ምክንያት በንጉሡ ፊት ቀረበች፤ በኋላም ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ሆኖም በየደረሰችበት ሰዎች ስለ ተከተሏት ሰባት ማኅበራትን መሠረተች፤ በማኅበሮቿም ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ ወንዶችም ይኖሩ ነበር። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ የቀድሞውም ሃይማኖት ተመለሰ። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ዐረፈች፤ በእግሯም ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ተተክታ ማኅበሩን መራች። ገድሏ በ1672 ተጻፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ወለተ ጴጥሮስ ካህን አልነበረችም፤ ቅዳሴውን የሚቀድሱላት ወንዶች ካህናት ነበሩ። ነገር ግን ሕዝብ ሰብስባ መከረች፣ ማኅበር አቋቁማ ሥርዓት ሠራች፣ በንጉሥ ፊትም ስለ እምነቷ ቆመች። ለዚህ ሁሉ አንዳች ሹመት አልተሰጣትም።

ሁለተኛዋ ምስክር ብዙ ሰው የማያውቃት አስቴር ጋኖ ናት። ይህች ሴት የኦሮሞ ተወላጅ ስትሆን በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ፣ በ1886 የኢጣልያ ባሕር ኃይል መርከቡን ይዞ ነጻ አወጣት። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በትምህርቷ እጅግ ስለ በረታች፣ እርሱም ከባርነት የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ረዳቱ አደረጋት። አስቴር የቋንቋውን ቃላት እየሰበሰበች መዝገብ አዘጋጀች፤ አምስት መቶ ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችም ጻፈች፤ ከእነዚህ ከፊሎቹ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ወጡ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞ ቋንቋ በግእዝ ፊደል ታተመ። በዚህ ሥራ የአስቴር ድካም ታላቅ ሆኖ ሳለ ሲነሣ የኖረው በይበልጥ የኦኔሲሞስ ስም ነው። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ ለብዙ ዘመን በነቀምት አስተማረች፤ በ1964ም ዐረፈች።

እስቲ አስቡት፤ በዚያ አገር በየመድረኩ የቆመ ወንድ ሰባኪ ሁሉ ያነበበው ቃል በአንዲት ሴት እጅ ያለፈ ነበር። ታዲያ ይህች ሴት አልሰበከችም ማለት እንዴት ይቻላል? አያቴም በየማታው ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ ሲመልሱ የሚሠሩት ሥራ፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ዓይነቱ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ሦስተኛዋ በጎጃም በቅኔ መምህርነታቸው የታወቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በልጅነታቸው የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ ልጃቸውን «ሴት ናት፣ ዓይነ ስውርም ናት» ብለው ሳይተዉ በጆሮዋ እየሰማች እንድትማር አደረጉ። እማሆይ ገላነሽም ቅኔን ጠንቅቀው ዐውቀው በኻያኛው መቶ ዓመት ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ ኖሩ። ቅኔ የሚማሩት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚዘጋጁ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ እርሳቸው ቤተ መቅደስ ገብተው ባይቀድሱም ዕውቀታቸው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር እስከ ቅኔ ማኅሌት ገብቷል።

ወደ እኛ ወደ ደቡብ ስንመጣ ደግሞ፣ በ1937 በጣልያን ወረራ ምክንያት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ቍጥራቸው ወደ 10,000 ደርሶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወንጌላውያኑ ተራራውን ተሻግረው ወደ ጋሞና ወደ ሌላውም አገር መጡ። ብዙዎቹ የመጡት ከነሚስቶቻቸው ነው። ታሪክ ሲነገር የባሎቹ ስም ይጠራል፤ በማይታወቅ አገር ቤት ሠርታ፣ እንግዳ ተቀብላ፣ ከሴቶቹ ጋር ውኃ እየቀዳች ቃሉን የነገረች ሚስት ስሟ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ስለ ሦስተኛው ነገር፣ ማለት ስለ ክህነት፣ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለሴት የቅስና ማዕርግ አትሰጥም፤ ሆኖም ሴቶች በምንኵስና፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በመዝሙር ያገለግላሉ። ጥንታዊው የዲድስቅልያ መጽሐፍም ሴቶች ሲጠመቁ የሚረዱ ሴት ዲያቆናት እንደ ነበሩ ይናገራል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ለሴት ክህነት የመስጠት ሥልጣን እንደሌላት በጳጳሷ ቃል አስታውቃለች። በዚያው ዓመት ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ካህናት ሾመች። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በ1960 ይህን አድርጋ ነበር። በአገራችን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1997 ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ ወሰነች፤ የመጀመሪያዋም ሴት በ2000 ተሾመች። እንግዲህ ሁሉም አንድ መጽሐፍ እያነበቡ ልዩ ልዩ ውሳኔ ላይ ስለ ደረሱ፣ እኛ ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ስናነሣ በትሕትና እንጂ በስድብና በንቀት ልንነጋገር አይገባንም።

አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የማገኘው አንድ ትምህርት አለ። ከላይ የተናገርሁላቸው ሦስቱ ሴቶች በኑሮ፣ በዘመንና በሃይማኖት ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ አንዷ የመኳንንት ልጅ፣ አንዷ ከባርነት የወጣች፣ አንዷ ዓይነ ስውር። አንዳቸውም አልተሾሙም። ሦስቱን የሚያስተባብራቸው ትምህርት ማግኘታቸው ነው። የተማረች ሴት መድረክ ባይሰጣትም የምታስተምርበትን መንገድ ታገኛለች፤ ያልተማረች ሴት ግን የቤተ ክርስቲያን በር ሁሉ ቢከፈትላት እንኳ እንደ አያቴ «ማንበብ የማይችል ምን ሰባኪ ይሆናል?» ብላ ራሷን ታስቀራለች። ስለዚህ የሴት ስፍራ የሚወሰነው በሽማግሌዎች ጉባኤ ብቻ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ በየቤታችን ይወሰናል። በሥራ ቀን ጠዋት ወንዱ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ሴቷ ልጅ እንስራ ይዛ ወደ ውኃ፣ ወይም ሙዝና ማንጎ ይዛ ወደ መንገድ ዳር የወጣች እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ በዚያ ሰዓት ተፈርዶ አልቋል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን በአክብሮት የምለምነው፣ የእማሆይ ገላነሽን አባት እንዲያስቡ ነው። እርሳቸው ልጃቸው ወደ ፊት መምህርት ትሆናለች ብለው ሳይሆን ዕውቀት አይከለከልም ብለው ያስተማሩ ይመስለኛል። መምህሮቻችንንም የምለምነው፣ በክፍል ውስጥ እጅዋን ለማንሣት የምታፍረውን ልጅ እንዲጠሩልን ነው። እኅቶቼ ሆይ፣ እናንተም የተሰጣችሁን ዕድል በጨዋታ አታሳልፉት፤ በየቤታችሁ የሚነበብላት የምትጠብቅ አንዲት እናት አለችና።

አያቴን በሚመለከት አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ከዚያ ማታ ወዲህ ንባቡ ካለቀ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ፊደል እንቈጥራለን። መጀመሪያ «ባረጀ ዓይኔ!» ብለው እምቢ ብለው ነበር፤ አሁን ግን እኔ ስረሳ እርሳቸው ያስታውሱኛል። ይህን ጽሑፍ እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ከሀ ተነሥተን በ ላይ ደርሰናል።