ብዙ ድምፅ ያገኘው ለምን አልተመረጠም?

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የአንድን አገር ፖለቲካ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከወሬው አልፎ ሥሩን መመርመር ይገባዋል። ለዚህም ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነርሱም በእርግጥ የተፈጸመው ድርጊት፣ ድርጊቱ የተመራበት ሕግና ተቋም፣ እንዲሁም ሕጉን ያስገኘው ታሪክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆነናል።

በዚያ ምርጫ ዋነኞቹ ተወዳዳሪዎች አል ጎርና ጆርጅ ቡሽ ነበሩ። በመላ አገሪቱ የተሰጠው ድምፅ ሲደመር ጎር ከ500 ሺህ በላይ በሆነ ድምፅ በልጠው ተገኙ። ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን ቡሽ ናቸው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል፤ ሆኖም ከፍርዱ በፊት «ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ወኪል መራጮች ናቸው። እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤትና በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ባሉት አባላት ቁጥር ልክ ወኪል መራጮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1961 በጸደቀው ማሻሻያ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተንም 3 ተፈቅደውላታል። ጠቅላላ ቁጥራቸው 538 ሲሆን ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜንና ከነብራስካ በቀር በየግዛቱ ብዙ ድምፅ ያገኘው ተወዳዳሪ፣ ብልጫው አንድ ድምፅ እንኳ ቢሆን፣ የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ይወስዳል። በ2000 የውጤቱ ቁልፍ ፍሎሪዳ ነበረች። ከብዙ ክርክር በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳግመኛ ቆጠራው እንዲቆም ወሰነ፤ ቡሽም በ537 ድምፅ ብልጫ የፍሎሪዳን 25 ወኪል መራጮች በማግኘታቸው ድምራቸው 271 ሆነ።

ይህ ሥርዓት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡት የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች በአመራረጡ ላይ ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። አንዳንዶቹ ምክር ቤቱ ይምረጥ፣ ሌሎቹ ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ አሉ። ጄምስ ማዲሰን ግን በደቡብ ያሉት ባሮች ድምፅ ስለማይሰጡ ቀጥተኛ ምርጫ የደቡብ ግዛቶችን ተሰሚነት እንደሚያሳጣ አመለከቱ። ለምክር ቤት መቀመጫ ድልድል ደግሞ 5 ባሮች እንደ 3 ሰዎች ይቆጠሩ ነበር። የወኪል መራጮቹ ቁጥር ከመቀመጫው ጋር በመያያዙ ባሪያ አሳዳሪዎቹ ግዛቶች ተጨማሪ ኃይል አገኙ። የመምረጥ መብት የተነፈገው ሰው ቁጥሩ ለጌታው ጥቅም ዋለ ማለት ነው። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ሲሻር ያ አቆጣጠር መሠረቱን አጣ፤ የወኪል መራጮቹ ሥርዓት ግን ጸንቶ ቆየ።

ሥርዓቱ ዛሬም ያከራክራል። ደጋፊዎቹ ትንንሾቹ ግዛቶች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ ይጠብቃል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የዜጎችን ድምፅ እኩል አያደርግም ይላሉ፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በካሊፎርኒያ ለአንድ ወኪል መራጭ የሚደርሰው ሕዝብ በዋዮሚንግ ከሚደርሰው ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ግን የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከ50ው ግዛቶች የ38ቱ ስምምነት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት ቀጥተኛ ምርጫን ደግፎ ነበር፤ ሐሳቡ ግን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2016ም ብዙ የሕዝብ ድምፅ ያገኙት ሂላሪ ክሊንተን ተሸንፈው ዶናልድ ትራምፕ ተመረጡ።

እንግዲህ ድርጊቱን ብቻ የሚያውቅ ይደነቃል፤ ሕጉን የሚያውቅ ይረዳል፤ ታሪኩን ጭምር የሚያውቅ ግን ሥርዓቱን በማስረጃ ሊደግፍ ወይም ሊነቅፍ ይችላል።

ጥያቄዎች

1. አል ጎር በሕዝብ ድምፅ በልጠው ሳለ ያልተመረጡበትን ምክንያት አስረዱ።
2. የባሮች አቆጣጠር ከወኪል መራጮች ቁጥር ጋር ምን ግንኙነት ነበረው?
3. «ሥርዓቱ ሊለወጥ ይገባል» ወይም «አይገባም» የሚል አቋም ይዛችሁ በሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።