ሮኬት ሠሪው ልጅና የአባቱ መጋዝ

ለወታደር ቤተሰብ ሮኬት ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለው የጦር መሣሪያ ነው። በአሜሪካ አገር ግን ወላጅና ልጅ ከወረቀት ቱቦ ሠርተው ወደ ሰማይ የሚያስወነጭፉት፣ በዣንጥላ የሚመለስ ትንሽ ሮኬት አለ። ይህንንም በነብራስካ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ የጫማ ነጋዴ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1954 ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የሮኬት ባለሙያው ሃሪ ስታይን ስለ ጥንቃቄ የጻፈውን አንብቦ ናሙናውን ላከለት። በዚያን ዘመን ነዳጅ በቤታቸው ሲቀምሙ አካላቸውን ያጡ ወጣቶች ነበሩና፣ የተዘጋጀ ሞተር የሚገባለት የወረቀት ሮኬት ጥሩ መፍትሔ ሆነ።

እንግዲህ የልጆችን እጅ ለማዳን የተስፋፋ ጨዋታ፣ ቱቦው በኤሌክትሪክ መጋዝ ሲቆረጥ የወላጅን ጣት እንዳያስከፍል መጠንቀቅ ይገባል።

ቱቦ ክብና ባዶ በመሆኑ በስለት ሥር ይሽከረከራል፤ ሲጫኑትም ይጨፈለቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት በዙሪያው ይጠቀለልና ጫፍና ጫፉ ሲገጥም በእርሳስ ይሠመራል። በመሥመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ቢለጠፍ ጠርዙ አይበጣጠስም። በውስጡም ልክ የሚሆን ክብ እንጨት ይከተታል። ከዚያም ቱቦው በመሐሉ በተቦረቦረ ጣውላ ላይ ተጋድሞ በማሰሪያ ይጠብቃል።

የመጋዙ ጥርስ ደቃቅ ይሁን። ስለቱ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይይዝ ቱቦውን አይንካ፤ ሲቆርጥም አይገፋ። ከመሥመሩ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስተርፎ መቁረጥ ይበጃል፤ ትርፉ በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ይስተካከላል። ጠርዙ ያጋደለ እንደሆነ ተቀጥላው ጠምሞ ይገጥማል፤ ሮኬቱም ከመንገዱ ይስታል። ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ገደማ ለሆነ ቀጭን የወረቀት ቱቦ ግን መጋዝ አያሻም፤ በስለታም ምላጭ ደጋግሞ እያዞሩ በቀስታ መቁረጥ ይበቃል።

ዓይን በመነጽር ይጋረድ። ጓንትና ሰፊ እጅጌ በሚሽከረከር ስለት ስለሚያዙ ይወገዱ። ስለቱ ሲለወጥ ሶኬቱ ይነቀል። ከፋይበርግላስ የተሠራ ቱቦ ሲቆረጥ ብናኙ ሳንባን ይጎዳልና ተገቢ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ግድ ነው። ልጁ መሥመሩን ያስምር፣ ጠርዙን ይፈግፍግ፤ መጋዙ ግን የአዋቂ ድርሻ ነው።

አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ ይለቀም ይሆናል፤ የተበላሸ ቱቦም በሌላ ይተካል። የተቆረጠ ጣት ግን እንደ ቱቦ የሚተካ አይደለምና፣ ወላጆች ሆይ፣ መጋዙን ከማስነሣታችሁ በፊት ቱቦው መታሰሩን ደግማችሁ ተመልከቱ።