«ዊች» በአማርኛ ማን ናት?

ስለ «ዊች»ና ስለ ፍቅር የሚተርኩ የወጣት ልብ ወለዶችን ካነበባችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ውስጥ ኃይል አለ፤ ካልገዛችው የምትወደውን ሰው ይጎዳባታል። እስቲ ይህንኑ ለእናታችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ትቆማላችሁ።

መዝገበ ቃላት «ጠንቋይ» ይላል። ጠንቋይ ግን ሰው ሄዶ የሚያስጠነቁልበት፣ ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያ ነው። መተተኛም ሥር ምሶ፣ ቀምሞ ነው የሚሠራው። ሳትማረውና ሳትፈልገው ኃይሉ አብሯት ለተወለደ ልጅ የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «ቡዳ» ነው።

ቡዳ በዓይኑ «ይበላል» ተብሎ ይታመናል። ኃይሉ በዘር ይወረሳል፣ ባለቤቱም ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ቆንጆ ሕፃን ሲታይ «እትፍ እትፍ» የሚባለው፣ ምግብም ከሰው ዓይን የሚከለለው ለዚህ ነው። ተበላ የተባለ ሰው ጤና አዳም ይሸተትና ይለፈልፋል፤ የበላውንም ሰው ስም ይጠራል።

ጣጣው የሚጀምረው ስም ሲጠራ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ይህ ስም ሲለጠፍባቸው የኖሩት በአብዛኛው ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ጎንደር አካባቢ ደግሞ ርስት ተነፍገው በእጅ ሙያ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው ያለ ማረሻቸው አያርስም፣ ሚስቱም ያለ ድስታቸው አትሠራም፤ ግን በዓይናቸው ይፈራቸዋል። ሐጋር ሰላሞን የተባለች ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ስለ ቤተ እስራኤል የሚናገር መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» ብላ የሰየመችው ይህንኑ ይዛ ነው።

የሚገርመው፣ ሸክላው እዚሁ መንትያ ከተሞቻችን ውስጥ በተጻፈ መጽሐፍም አለ። የሚኒያፖሊሷ ደራሲ ኬሊ ባርንሂል በ2014 «የጠንቋይዋ ልጅ» ሊባል የሚችል ልብ ወለድ አወጣች። ኔድና ታም መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ወንዝ ሲወስዳቸው አባታቸው ማትረፍ የቻለው ኔድን ብቻ ነው፤ የመንደሩ ሰው ደግሞ «የተረፈው የተሳሳተው ልጅ ነው» ይላል። እናትየዋ የሟቹን ነፍስ በሕይወት ካለው ጋር ትሰፋዋለች። የምትጠብቀው አስማት በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው። ሽፍታ ሊሰርቀው ሲመጣ ኔድ ወደ ገዛ ሰውነቱ ያስገባዋል፤ አስማቱም ቆዳው ላይ ፊደል ሆኖ ይወጣል። የፍቅር መጽሐፍ አይደለም፤ ለእኔ ግን ከብዙዎቹ የፍቅር መጻሕፍት ይበልጣል፤ መንደር በአንድ ልጅ ላይ ስም ሲለጥፍ ምን እንደሚመስል ያሳያልና። በ2017 የኒውበሪ ሜዳልያ ያገኘችው ግን ጨረቃን ስለጠጣችው ልጅ በጻፈችው ሌላ መጽሐፍ ነው።

ፍቅሩን ለምትፈልጉ የሎረን ብላክዉድ የ2021 ልብ ወለድ አለላችሁ። ደራሲዋ ኢትዮጵያዊት አይደለችም፤ ዓለሙን የቀዳችው ግን ከእኛው ነው። አንድሮሜዳ የምትባለው ወጣት ደብተራ ናት፤ ከተረገመ ቤት ክፉ ዓይን ልታወጣ ተቀጥራ የቤቱን ጌታ ትወዳለች። እኛ የምናውቀው ደብተራ ወንድ ነው፤ ዜማና ቅኔ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፤ አንዳንዱም ክታብ በመጻፉ የሚፈራ። ሴት ደብተራ ፈጠራ ነው፤ ደስ የሚል ፈጠራ። ክፉው ዓይን በዘር ለታወቀ ወገን አለመሰጠቱም ታሪኩን አቅልሎለታል።

በእኛ ዘንድ ግን ይሰጣል፤ ጋብቻ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አጥንት ይቆጠራል፣ «ዘሩ ከየት ነው?» ይባላል። ጥያቄው ከሴንት ፖል በስልክም ይጠየቃል። ስለዚህ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ወደ አማርኛ ብመልስ «ዊች»ን «ቡዳ» አልላትም፤ ትርጉሙ ቢቀርብም። ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ልጅ መጨረሻ ላይ ኃይሏን ትገዛለች፣ ትዳር ትይዛለች። ቡዳ የተባለች ልጅ ግን የምትገዛው ነገር የላትም፤ ያለው ሰው የሰጣት ስም ብቻ ነው።