የጭቃዋ ሪያድ በፎቶግራፍ

ሰባት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ሪያድ ከመቶ ዓመት በፊት በጭቃ ግንብ የታጠረች፣ ዙሪያዋን የተምር እርሻ የከበባት በመካከለኛው ዓረቢያ በናጅድ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ነበረች። የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልተለሰነ አይቆይምና ከዚያች ከተማ በአካል የተረፈው ጥቂት ነው። መልኳን ይዘው የቆዩት ፎቶግራፎች ናቸው።

ቀደምት ከሚባሉት መካከል በኩዌት የብሪታንያ ወኪል የነበረው ሻምበል ዊሊያም ሼክስፒር ያነሳቸው ይገኛሉ። ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1910 ኩዌት ላይ የናጅዱን ገዢ አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድን ፎቶ አንስቷል። በ1914 ደግሞ በግመል ዓረቢያን ሲያቋርጥ ሪያድ ገባ። በማግስቱ ዓመት በጃራብ ጦርነት ከኢብን ሳዑድ ወገን ሆኖ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ተቀምጠዋል። በ1917 የመጣው የብሪታንያ መልእክተኛ ፊልቢም እንዲሁ ብዙ ፎቶ ትቶ አልፏል፤ ስብስቡ ኦክስፎርድ ነው።

በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ አናታቸው በጥርስ መሰል ጌጥ የተከፈከፈ የጭቃ ቤቶች ይታያሉ። ይሁንና ፎቶ አንሺዎቹ የገዢው እንግዶች ነበሩና ዐይናቸው የሄደው ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ጦሩ ነው። ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ በእንስሳ እየሳበ ተምሩን ያጠጣ የነበረው ገበሬ እምብዛም አይታይም፤ ሴቶችማ የሉም ማለት ይቻላል። ከባዱ ጉድለት ይህ ነው፤ ኦዓሲሷን ያቆዩት እነሱ ነበሩና።

ነዳጅ ከተገኘ በኋላ ለውጡ ፈጣን ሆነ። በ1950 አካባቢ የከተማው ግንብ ፈረሰ፤ በ1951 ከደማም የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሪያድ ደረሰ፤ ሲሚንቶ ጭቃውን ተካ። በዙሪያዋ የነበሩ የእርሻ መንደሮችም ተዋጡ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ስደተኞችን ስታባርር ስሟ በየኢትዮጵያዊው ቤት በጭንቀት የተነሳው መንፉሃ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከእስልምና በፊት የተወለደው ገጣሚ አል-አዕሻ የወጣባት፣ የራሷ ተምርና የራሷ አጥር የነበራት መንደር ነበረች። ዛሬ የስደተኛ ሠራተኞች መኖሪያ ሆናለች።

እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የንጉሥ አብዱልአዚዝ የምርምርና የቤተ መዛግብት ተቋም፣ «ዳራህ»፣ የቆዩ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ይሰበስባል፤ የአዛውንቶችን ትዝታም ይቀዳል። ኢብን ሳዑድ በ1902 የያዘው የመስመክ ምሽግ ከ1995 ጀምሮ ሙዚየም ነው። በታላቁ መስጊድ ዙሪያ ያለው አሮጌው ማዕከል ደግሞ በራሲም በድራን ንድፍ ዳግም ተሠርቶ በዚያው ዓመት የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል።

የገዢዎቹ ሪያድ በዚህ መልኩ ተጠብቃለች። የገበሬዎቹን ሪያድ ለማግኘት በየቤተሰቡ ሣጥን ያሉትን ፎቶዎች ማየት ያስፈልጋል። ከጀርባው ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። ግንቡ ሲፈርስ ልጅ የነበሩት ዛሬ ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ስሞቹ መመዝገብ ያለባቸው አሁን ነው።