የመርሳዋ እናት መንገዶች

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አስፋልት ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ካለፈ በኋላ መርሳን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ይሄዳል። ከደሴ 90፣ ከወልድያ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በፍራፍሬዋ ነው። መኪናው ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ በሳፋ የያዙ ሴቶች መስኮቱ ሥር ይደርሳሉ። ከመካከላቸው ልጅ ያዘለች አትጠፋም። ተሳፋሪው ዋጋ ተከራክሮ፣ በፌስታል ተቀብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሴቲቱ እዚያ አስፋልት ዳር እስክትቆም ድረስ ስንት መንገድ እንደሄደች የሚጠይቅ ግን የለም።

በሐብሩ ገጠርም ሆነ በከተማው፣ ከአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ የምትጓዘው ወጣቷ እናት ናት። ወደ ውሃ፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ኬላ፤ ስትወልድ ወደ እናቷ ቤት፤ ስለት ሲኖርባት ወደ ንግሥ ወይም ወደ ዝያራ፤ ኑሮ ሲጠና ደግሞ ባሕር ተሻግራ ወደ ጅዳና ሪያድ። ይህ ሁሉ ለቤቱ ጉሮሮና ጤና የሚደረግ ስለሆነ ከእናትነት ጋር ተደባልቆ ሳይቆጠር ይቀራል። አገልግሎት ሲታቀድ፣ ሕግ ሲወጣ፣ ቤተሰብ ሲመክር፣ እሷ ከምድጃዋ የማትነቃነቅ ተደርጋ ትታሰባለች። ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ቀኗ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። በወሎ የሱብሒ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል ከአንድ መንደር ይሰማሉ። የክርስቲያኗም የሙስሊሟም የመጀመሪያ ሥራ ግን አንድ ነው፤ እሳት ማቀጣጠል። በቆላው ቀበሌ የሚጋገረው በአብዛኛው የማሽላ እንጀራ ነው። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ በሐብሩዋ ግራና ስም «ግራና 1» ይባላል። የምርምር ሰዎች ስለ አንድ ዝርያ ሲናገሩ የሚያነሱት ምርቱን፣ ቶሎ መድረሱንና ድርቅ መቻሉን ነው። ሊጡ እንዴት ይቦካል? እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል ወይ? አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይበቃል ወይ? ይህን የምትመሰክረው ምጣዱ ላይ የምትጎነበሰው ሴት ናት። አንድ ዘር በመንደር የሚሰነብተው ወይም የሚጠፋው በእሷም ፍርድ ነው፤ ፍርዷን መዝግቦ የሚይዝላት ባይኖርም።

ልጁ በአንቀልባ ወይም በነጠላ ጀርባዋ ላይ ነው። ጀርባው ከተያዘ ጀሪካኑ ወደ አህያ ይሄዳል፤ አህያ የሌላት በእጇ እየያዘች ትመላለሳለች። ከፍ ያለው ልጅ ከአያቱ ጋር ይውላል። አያት ከሌለች ታላቅ እህቱ ትጠብቀዋለች፤ ያን ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት አትደርስም። የአንዲት እናት መንገድ ሲረዝም የሚያጥረው የሴት ልጇ ትምህርት መሆኑ በየቤቱ የሚታወቅ ነገር ነው።

ገንዘቡንም የምታዞረው እሷ ናት። የዕቁብ መዋጮዋን ከፍራፍሬው፣ ከእንቁላሉና ከዶሮው ትሸፍናለች። ብድር ሲያስፈልግ ቀድሞ አብቁተ ይባል ወደነበረው፣ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ወደሆነው ተቋም ትሄዳለች። አማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የገጠር መሬት መመዝገብ ሲጀምር የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር፣ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን እንዲለጠፍ ተደርጓል። ትንሽ ነገር አይደለም። ባል ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ወይም ጋብቻው ሲፈርስ፣ ያ ደብተር ሴቲቱ ልጆቿን ይዛ ከቤቷ እንዳትወጣ የሚያደርግ ማስረጃ ሆኗል። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጥ ወይስ ራሳችን እንረስ በሚለው ክርክር ላይ የእሷ ቃል እንዲሰማም መሠረት ጥሏል።

ከሐብሩ በስተምሥራቅ አፋር ነው። ወጣቶች ከዚህ ተነስተው በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሻገሩበት መንገድ ብዙ ሕይወት በልቷል። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ቅርበቱ ነው ደላላው የሚሸጠው። ሴቶቹ በብዛት የሚሄዱት ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ ከእነሱም መካከል ልጅ ለአያት ትተው የሚሄዱ እናቶች አሉ።

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አገደ። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ፤ ጉዞው ግን አልቆመም፤ በረሃውና ጀልባው ክፍት ነበሩና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዧ 18 ዓመት የሞላት፣ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት እንድትሆን ይጠይቅ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ልጅነቷን ውሃ ስትቀዳና ታናሾቿን ስትጠብቅ ላሳለፈች የገጠር እናት ስምንተኛ ክፍል ራሱ ከበረሃው የማይተናነስ ርቀት ነው። ሕጉ የዘጋባትን በር ደላላ ከፈተላት።

ስለዚህ ጉዞ የሚሰማው አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። በላከችው ሐዋላ ቆርቆሮ የለበሰውን ቤት የሚያሳዩ አሉ። ደመወዟን ተከልክላ፣ ፓስፖርቷን አሠሪ ይዞባት፣ ጤናዋን አጥታ የተመለሰችውን የሚያነሱም አሉ። የሠራተኛዋን ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጭ ሥራ መቀየር መቸገሯ የታወቀ ነው። በመካከል ያለው ልጅ እናቱን የሚያውቃት በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ስልኩ ይደወላል፣ ፊቷ ይታያል፣ አያት «እማዬን ሰላም በላት» ትለዋለች፤ እሱ ይሸሻል። ስደትን በገንዘብ ብቻ የሚለኩት ሰዎች ይህን ሂሳብ ውስጥ አያስገቡትም። ደግሞም «ለምን ሄደች» ብሎ እናቲቱን ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይደለም። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው፤ ለደላላ የተከፈለው ገንዘብም የተሸጠ በሬ ዋጋ ወይም ብድር ነው።

ወጣቷ እናት የምትወደው ጉዞም አላት። መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ ወደ አምባሰል የሚወጣው ሕዝብ ውስጥ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሙስሊሟ ደግሞ እዚያው በሐብሩ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቁ ዓሊም በመሠረቱት ዳና ለመውሊድ ትሄዳለች። ልጅ የተሳለችም፣ ልጅ አግኝታ ለማመስገን የመጣችም እዚያ ይገናኛሉ። አንድ ሁለት ቀን ከማጀት ርቃ፣ መንዙማ ወይም መዝሙር እየሰማች፣ ከሌላ ቀበሌ ሴቶች ጋር ስለ ልጅ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ባል ታወጋለች። አምባሰል የተወለዱት እቴጌ መነንም የልጆች እናት ሳሉ በ1915 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት አቁመዋል። የንግሥት ጉዞ ተጽፎ ስለሚቀመጥ እናውቀዋለን፤ የጎረቤቷ የሐብሩ እናት ጉዞ ግን በራሷና በጓደኞቿ ትዝታ ብቻ ይኖራል።

ከሁሉም ግን ሞትና ሕይወት ያለበት መንገድ የወሊዱ ነው።

የዛሬዋ ወጣት እናት አያት የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያየች ናት፤ በቤቷ የወለደች፣ ምናልባትም ልጅ የቀበረች። እናቷም በአብዛኛው የወለደችው በልምድ አዋላጅ እጅ ነው። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደረሱ። ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ2003ቱ ጥናት 676፣ በ2008ቱ 412 ሆነው ተመዝግበዋል። አሁንም ብዙ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ትውልድ ውስጥ ይህን ያህል መለወጥ ከባድ ሥራ ነው። ከሥራው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እነሱም ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ እነሱም በእግር የሚሄዱ ናቸው።

እናቶቹ ጤና ጣቢያ መውለድን የሸሹት ባለማወቅ ብቻ አልነበረም። ቡና የማይፈላበት፣ ገንፎ የማይገነፋበት፣ እናት ወይም አክስት አጠገብ የማትቀመጥበት ክፍል ለአንዲት ወላድ ባዕድ ነው። ይህን የተረዱ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውንና ቡናውን ወደ ግቢያቸው አስገቡ። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ቀደም ብላ መጥታ የምትቆይባቸው የእናቶች ማቆያዎችም ተሠሩ። የእናቶችን አስተያየት ሰምቶ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ልጆቻቸው ቁጥርም ራሳቸው መወሰን ጀምረዋል። በ2008ቱ ጥናት በአማራ ክልል ካገቡት ሴቶች 47 በመቶው የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጅ ቁጥርም 3.7 ነበር፤ የሀገሪቱ አማካይ 4.6 ሆኖ ሳለ። አማት «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስትል ምራት ክንዷ ላይ መድኃኒት አስቀብራ ዝም ማለቷ የተለመደ ነው።

ከተገላገለች በኋላ፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ፣ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ወይም እናት ትመጣለች። አጥሚት፣ አብሽ፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ። ጠያቂው ሁሉ «አብሽሪ» ይላታል። ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ያወጣል፤ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሳል። በሁለቱም ድግስ ላይ ለሌላው እምነት ጎረቤት ለብቻው ይታረድለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን ነው። ገበሬዋና የፍራፍሬ ነጋዴዋ ደመወዝ የላቸውምና ፈቃዳቸው የእናታቸው ጉልበት ነው። በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የታቀፈች እናት ግን በእርግዝናዋና ከወሊድ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከማኅበረሰብ ሥራ ነጻ ሆና ድጋፉን እንድታገኝ መርሐ ግብሩ ይፈቅዳል። ይህን መብቷን የማታውቅ፣ ሆዷ ገፍቶ ድንጋይ ስትሸከም የምትውል እንዳትኖር መንገር የቀበሌው ግዴታ ነው።

ምጡ ሲጠና፣ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን፣ ወደ ወልድያ መሄድ ይመጣል። ያ 30 ኪሎ ሜትር በሰላም ቀን አጭር ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ባዳረሰበት ጊዜ ግን የወልድያ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ ይቆማል። ነፍሰ ጡር ሴት መንገድ እስኪከፈት አትጠብቅም። መሣሪያ የያዙ ወገኖች ሁሉ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት የጫነን መኪና ማሳለፍ አለባቸው፤ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ከአስፋልቱ ርቆ ያለው ቀበሌ ዛሬም መኪና እስኪደርስ በቃሬዛ ይሸከማል። ተሸካሚው ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ ነው። በወሎ ቅሬ ቀባሪ ብቻ አይደለም፤ ታማሚም ያደርሳል። ወደ እናቶች ማቆያው ቀድማ መጥታ እንድትቆይ የተነገራት እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትመልሰው «ያሉትን ልጆች ለማን ጥዬ?» ብላ ነው። ቃሬዛውን በተራ የሚሸከመው ቅሬ፣ በቤት የቀሩትን ልጆች የሚያበላና የሚያሳድር ቤትም በተራ ሊመድብ ይችላል። ይህን ለመጀመር በጀት አያስፈልግም፤ የቅሬው ዳኛ በሚቀጥለው ስብሰባ ሴቶቹን ቢጠይቃቸው ተራውን ከማን ቤት መጀመር እንዳለበት ሳይቀር ይነግሩታል።